የሁለቱ ምሳ ዕቃዎች ጉዳይ

ለቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ከዛሬ ረቡዕ ጀምሮ ባለ ቀይ ክዳኑ ምሳ ዕቃ የእስረኛው፣ ባለ አረንጓዴ ክዳኑ ደግሞ የታማሚው መሆኑ ታውቆ፣ ማንም ሰው በምንም ምክንያት ክዳን እንዳያቀያይር፣ ዕቃዎቹ ላይ ስም እንዳይጽፍ፣ ታጥበው ሲደርቁም ጎን ለጎን እንዳያስቀምጣቸው በጥብቅ ተከልክሏል። ይህ አዋጅ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሌላው ጭልፋ በያዘችው አክስት አማካይነት ታወጀ። የቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ ማለት ካልሲውን እያጠለቀ የነበረው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት ነዋሪዎች፣ ማለትም ታናናሽ ወንድሞቹ፣ አንዱ ሆስፒታል አንዱ ማረሚያ ቤት ስለሆኑ አዋጁን የሚሰሙት በሆዳቸው ነው።

አዋጁ እንዲሁ ከሰማይ ዱብ አላለም። እስከ ትናንት የእስረኛው ምሳ የሚሄደው በቆርቆሮ፣ የታማሚው በፕላስቲክ ስለነበር ጨለማ ውስጥ የሚዳብስ ሰው እንኳ አይስታቸውም ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ማረሚያ ቤቱ ከረቡዕ ጀምሮ ብረት ነክ ዕቃ አይገባም አለና አክስት ገበያ ወጥታ፣ ከዕቃ ሻጩ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክራ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ምሳ ዕቃ በአንድ ተኩል ዋጋ ይዛ ተመለሰች። ልዩነታቸው ክዳናቸው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ወረቀት ይለጠፍባቸውና ስም ይጻፍ ብሎ ነበር፤ አክስት እንዲህ ያለ ሐሳብ ከጤነኛ ሰው አፍ በመውጣቱ አዝና ተመለከተችው። ታማሚው የታመመው ዓይኑን አይደለም። ያነባል፤ መምህር ነው። ለእስረኛው የሚጻፍ ነገር በስህተት እጁ ቢገባ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ በስንት መከራ ቆሞ የኖረው ውሸት ይናዳል።

ውሸቱ ሁለት ክፍል አለው። መካከለኛው ወንድም የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ አንድ ማለዳ ፍሬን እምቢ ብሎት መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጨ፣ ሰውየው ሞተ፣ ሾፌሩ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ወር ትንሹ ወንድም፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ፊቱ አብጦ እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት ሆስፒታል ሄደና እዚያው ቀረ። ኩላሊቱ ነው። አክስት እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ሦስቱንም ያሳደገች ሴት ናት፤ ሁለቱን ወሬዎች በአንድ ሳምንት ስትሰማ ራሷን ይዛ አልጮኸችም። ተቀምጣ አሰበችና አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ወሰነች። የታመመ ሰው ደሙ ይረበሻል፤ የታሰረ ሰው ደግሞ ክፉ ወሬ ቢሰማ ተነስቶ የሚሄድበት የለውም፤ ምክንያቷ ይሄው ነው። ለመምህሩ ወንድምህ ከባድ መኪና ይዞ ወደብ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም ተባለ። ለሾፌሩ ወንድምህ ሩቅ ከተማ ስልጠና ገብቷል፣ ፈቃድ አይሰጡም ተባለ። ልብስ ሰፊውን በእናቱ አጥንት አስማለችው። ውሸቱ ሁለቱን ከሐዘን አዳናቸው ማለት ይቻላል፤ ከቂም ግን አላዳናቸውም። መምህሩ በየቀኑ በሩን በሩን እያየ፣ ሰው ወንድሙ እንዲህ ተኝቶ አንድ ቀን እንኳ ይደውላል እንጂ ይላል። ሾፌሩም የመጠየቂያውን ሽቦ ይዞ፣ የተማረ ወንድም እንዲህ ነው፣ እስረኛ ወንድም አለኝ ብሎ ለማን ያወራል ይላል። ልብስ ሰፊው መሃል ቆሞ፣ ደወለ እኮ፣ ሰላም ብሎሃል እያለ የሌለ ሰላምታ ያመላልሳል።

የትኛው ይብሳል ቢባል ዘመዱ ሁሉ መልስ አለው። ቤቱ እየመጣ፣ ፎቴው ላይ ተመቻችቶ፣ ያመጣውን የጭማቂ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ይከራከራል። አክስት ሕመም ይብሳል ባይ ናት፤ ለእስር ዳኛ ቁጥር ጠርቶለታል፣ ለሕመም ማን ጠራለት ትላለች። የአባታቸው የአጎት ልጅ ደግሞ እስር ይብሳል ይላል፤ ታማሚ ሲያቃስት ውሃ ያቀብሉታል፣ እስረኛ ሲያቃስት ዝም በል ይሉታል። ጭማቂው መቼም ክርክሩን ከፈረደው ቆይቷል። በአምስት ወር ውስጥ የመጣው ጠርሙስ ሁሉ ለመምህሩ ነው፤ ለሾፌሩ የመጣ አንድ የለም። መምህሩን ጮክ ብለው እግዜር ይማረው ይሉታል፤ ሾፌሩን ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን አየት አድርገው፣ እግዜር ያስፈታው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ዘመድ ተደናግራ ታማሚውን እግዜር ያስፈታው፣ እስረኛውን እግዜር ይማረው ብላ ሄደች። ልብስ ሰፊው ሲያስበው ሴትዮዋ ብዙም አልተሳሳተችም።

እሱ ራሱ ወዴት እንደሚያደላ ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ወረፋ ላይ ሲቆም ግን ሁለቱን ወንድሞቹን በሐሳቡ ያቀያይራቸዋል። መምህሩን ማረሚያ ቤት ያስገባዋል፤ እዚያ መጽሐፍ ያነባል፣ እስረኞቹን ክፍልፋይ ያስተምራል፣ ሦስት ዓመቱ ያልፍና በሕይወት ይወጣል። ሾፌሩን ሆስፒታል ያስተኛዋል፤ እሱ ተጫዋች ነው፣ ነርሶቹን ያስቃቸዋል፣ ጠርሙሱ ይጎርፍለታል፣ ጉልበት ስላለው ኩላሊቱንም ያሸንፈዋል። እንዲህ አድርጎ ሁለቱንም ካዳናቸው በኋላ በራሱ ያፍርና እያንዳንዳቸውን ወደየቦታቸው ይመልሳቸዋል። ዛሬ ደግሞ ይህን ሐሳብ ማሰብ እንኳ አልፈለገም። መምህሩ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባል፤ ሐኪሙ ልብስ ሰፊውን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ግማሽ በግማሽ ነው ብሎታል። ይህንንም ለአክስት አልነገራትም። እሷም የምታውቀው ቢሆንም አልነገረችውም። ከትናንት ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለ ክዳን ብቻ ነበር።

አዋጅ አውጪዋ ያላወቀችው አንድ ነገር ግን ነበር። ልብስ ሰፊው ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ለሱ ሁለቱም የደረቀ ቅጠል ይመስሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ዓይን ልብስ ሰፍቶ እንጀራውን በልቷል፤ የክር ጥቅሎቹ ሆድ ውስጥ የቀለማቸው ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አለ፤ ሲጨንቀው ጨርቁን ይዞ ከሱቁ ጎን ያለችው የልብስ ቁልፍ ሻጭ ጋ ይሄድና፣ እንዴት ነው፣ ይሄዳሉ ወይ ይላታል። እሷ ሐሳቤን የሚያከብር ብቸኛው ወንድ እያለች ታወራለታለች። አንድ ጊዜ ቀይ ቀሚስ ላይ አረንጓዴ ዚፕ ገጥሞ ደንበኛዋ ዓይኗን ስታፈጥበት፣ አሁን የመጣው እንዲህ ነው አላት፤ በወሩ ሦስት ሴቶች እንደሷ አድርግልን ብለው መጡ። እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የተደበቀ ነገር ለምሳ ዕቃ ክዳን ተብሎ አይወጣም። አዋጁን ሰምቶ፣ እሺ እትዬ አለ፤ አክስት ቀይ ስትል በጭልፋዋ የጠቆመችው በስተቀኝ ያለውን መሆኑን በዓይኑ ያዘ፤ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ አክስት ሁለቱንም እሱ ራሱ በሰፋቸው፣ መልካቸው አንድ በሆነ ሁለት ከረጢቶች ውስጥ ከትታ አፋቸውን አስራ ነበር።

መዘናቸው። አክስት ፊት ፈትቶ ክዳን ቢከፍት ይነቃበታል፤ ሌላ ምን ያድርግ? ጨርቅ በእጁ አንስቶ ስንት ክንድ እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው። የሾፌሩ ምሳ ምንጊዜም ይከብዳል፤ ማረሚያ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው ስለሌለ አክስት ለአራት ሰው ትጭናለች፤ ሩዝ፣ ጨውና ቃሪያ የበዛበት ሥጋ፣ ስምንት ቁራጭ ዳቦ። የመምህሩ ምሳ ቀላል ነው፤ ያለ ጨው የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ተፈጭቶ፣ እንደ ልጅ ምግብ። ስለዚህ ከባዱን በግራ እጁ ለማረሚያ ቤት፣ ቀላሉን በቀኙ ለሆስፒታል ያዘና ወጣ። አክስት ግን ዛሬ ከማታ ጀምሮ መምህሩ ምንም እንደማይቀምስ አስባ፣ ይሄ ልጅ ሆዱ ባዶ ሆኖ አይታረድም ብላ፣ የፈጨችውን ድንች እስከ አፍ ጢም አድርጋ ጠቅጥቃዋለች። የእስረኛውን ሥጋ ደግሞ ልቧ ሆስፒታል ስለነበር ሁለት ጭልፋ ረስታዋለች።

ሆስፒታሉ ምግብ እስከ አምስት ሰዓት ይቀበላል፤ ጠያቂ የሚያስገባው ግን ከስድስት በኋላ ነው። በቀኝ እጁ ያለውን ለነርሷ በበሩ ክፍተት አቀበላት፤ እሷም ሳታየው ተቀብላ አልጋ አራት አለች። ከዚያ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ማረሚያ ቤቱ በር ወረፋ ያዘ። የተሰለፉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አምስት ወር ሙሉ የሚያያቸው፣ ስማቸውን ባያውቅም በምሳ ዕቃቸው ሽታ የሚለያቸው። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ዘይት ዋጋ ያወራሉ፤ ውስጥ ስላለው ሰው አያወሩም። ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ሦስተኛው፣ ለሕይወቱ አስጊ ሕመም ላይ ያለ የቅርብ ቤተሰብ ያለው ታራሚ፣ የሆስፒታል ማስረጃ ሲቀርብና ታራሚው ሲፈርም፣ በጥበቃ ታጅቦ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ልብስ ሰፊው ሁልጊዜ ዓይኑን ወደ አራተኛው ያሻግራል።

በዚህ በር ምግብ የሚያስገባ ሰው ያመጣውን ራሱ ይቀምሳል። ደንቡ ነው። ፈታሹ ማንኪያ ያቀብልሃል፤ ከዳርም ከመሃልም ታፍሳለህ፣ ትውጣለህ፣ አፍህን ከፍተህ ታሳያለህ። ልብስ ሰፊው ክዳኑን ሲከፍት የሚያየውን ማመን አቃተው፤ ቢሆንም ማንኪያውን ተቀብሏልና ቀመሰ። ምንም። ውሃ ውስጥ የነከሩት ወረቀት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከመሃሉ ቀመሰ፤ ጨው ከየትም አልመጣም።

«ምነው ወንድሜ፣ መርዝ ነው እንዴ?» አለ ፈታሹ፤ ማንኪያውን ለማስመለስ እጁን ዘርግቶ።

«ጨው የለውም።»

«ጨው የኔ ክፍል አይደለም። ይገባል፣ አይገባም? ደግሞ ወረቀቱ የት አለ?»

ወረቀቱ። የታራሚው ስም ከነአባቱ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የሚገኝበት ክፍል የተጻፈባት፣ አክስት በየጠዋቱ በላስቲክ ጠቅልላ ከክዳኑ ሥር ዳቦው ላይ የምታስተኛት ብጣሽ ወረቀት። በሩ ካለሷ ምግብ አያስገባም። አሁን ያለችው አልጋ አራት ራስጌ ነው።  ከልብስ ሰፊው ኋላ ያለችው ሴት የወንድሜ ተራ ደርሷል እያለች በክርኗ ትነካዋለች። እዚህ ቆሞ ተራውን ቢጠብቅ ሾፌሩን አሥር ደቂቃ ያየዋል፤ ቢሄድ ደግሞ ምናልባት፣ መምህሩ ክዳኑን ሳይከፍት ይደርሳል። ከፈታሹ እስክሪብቶ ተበድሮ በወረፋ ቁጥሩ ጀርባ ላይ ሌላ ወረቀት ጻፈ፤ ሾፌሩ ጦሙን ከሚውል ድንቹም ይግባለት ብሎ ምሳ ዕቃውን አስገባና ሮጠ።

ታክሲው ውስጥ አክስት ደወለች፤ አደረስክ ወይ ለማለት ነበር። እሱም መቀያየራቸውን ነገራት።  በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ ቀይ እኮ ነው ያልኩህ አለችው፤ ቀይ ማለት እኮ ቀይ ነው። ቸኩዬ ነው አላት። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ጭልፋው ሲቀመጥና ወንበር ሲጎተት ሰማ፤ አክስት በሥራ ሰዓት ተቀምጣ አታውቅም። ሮጠህ ድረስ ብላ ዘጋችው። ታክሲው ግን መብራቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከፊት ያለውም ቆሟል፤ ባለ ታክሲው እጁን በመስኮት አንጠልጥሎ ዘፈን ይቀይራል። ልብስ ሰፊው እንደዚህ ቀን ሁሉም ሰው ጊዜ የተረፈው መስሎት አያውቅም። ወርዶ ሮጠ። የልብስ መለኪያ ሜትሩ ከጠዋት ጀምሮ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ኖሯል፤ የመንገዱ ሰው ማንን ሊለካ ነው እያለ ይስቅበታል። በደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ከበሩ የተቀበለው የሚታኘክ ሥጋ ድምፅ ነው። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ አምስቱ ታማሚዎች ይበላሉ። መስኮቱ ሥር ያሉት ሽማግሌ ጣታቸውን ልሰው፣ እጇ ይባረክ በልልን አሉት። አልጋ አራት ላይ መምህሩ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ባዶው ምሳ ዕቃ እግሩ ሥር፣ ብጣሿ ወረቀት ጭኑ ላይ ናት። ላስቲኳን አውልቆ አጣጥፎ ከጎኗ አስቀምጧል።

«ተቀመጥ ጋሼ» አለው።

ልብስ ሰፊው ቆሞ ቀረ። በላኸው እንዴ ብሎ ጠየቀው፤ ሌላ የሚጠይቀው አልመጣለትም። መምህሩ አልበላሁም አለ፤ ለክፍሉ አድሎታል፤ ለምላሱ ማስታወሻ አንዲት ቁራጭ ብቻ ቀምሷል፤ ጨው እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ረስቶት ነበር። ይህን ሁሉ የሚናገረው ወረቀቷን እያየ ነው።

«ወደቡ ላይ ያለው ክፍል ቁጥር ሰባት ነው ለካ» አለ።

ልብስ ሰፊው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቱን በልቡ ይቅርታ ጠየቃትና ሁሉንም ነገረው፤ ፍሬኑን፣ የሞተውን ሰው፣ ሦስቱን ዓመት፣ የፍርዱን ቀን። መምህሩ ወራቱን በጣቶቹ ቆጠረ፤ ሒሳብ አስተማሪ በጣቱ ሲቆጥር ልብስ ሰፊው አይቶ አያውቅም። ቆጥሮ ሲጨርስ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ደሙ ተረበሸ፣ አለቀ ብሎ ነርስ ሊጠራ ሲነሳ ነው ወንድሙ እየሳቀ እንደሆነ የገባው። ሲስቅ ጎኑን ያመዋል፤ ጎኑን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ፣ መርፌው የተሰካበትን እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይስቃል።

«እንኳን ታሰረ» አለ። «እንኳን ታሰረ ጋሼ። የረሳኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ሽማግሌው ማላመጣቸውን አቆሙ። መምህሩ ግን ከአምስት ወር በኋላ የመጣለትን ደስታ የሚደብቅበት አቅም አልነበረውም። ሌሊት ሌሊት ሲነቃ ወንድሙን እየረገመ ነው ያደረው፤ የልጅነት ነገር ሳይቀር አንድ በአንድ እያነሳ፣ ያኔም እንዲህ አድርጎኛል፣ ያኔም ጥሎኝ ሄዷል እያለ፣ ክሱን ሲያደራጅ ነው የከረመው። አሁን ክሱ ሁሉ ፈረሰ። ታስሮ ነው፤ በር ተዘግቶበት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይመጣል? ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀና ዞር ብሎ ልብስ ሰፊውን አየው። እሱስ ስለኔ ምን ተብሎ ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። ስልጠና ላይ ነህ ተብሎ ነው አለ ልብስ ሰፊው። እንግዲያው እሱም እየረገመኝ ነዋ አለ መምህሩ፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ዛሬውኑ ትነግረዋለህ።»

«በእናታችን አስምላኛለች።»

«እናታችንን እኔ አስፈቅዳልሃለሁ» አለ መምህሩ። «ምናልባት ነገ እንገናኛለን።»

 የማረሚያ ቤቱን ማስታወቂያ፣ ያንን ሦስተኛውን፣ ልብስ ሰፊው ያኔ ነው የተናገረው፤ አምስት ወር አፉ ውስጥ የኖረ ነገር ነበርና እንደተፋው ተሰማው። መምህሩ ቃል በቃል ድገምልኝ አለው፤ ደገመለት። ለሕይወት አስጊ የሚለው ላይ ሲደርስ ሊዘለው ሞከረ፤ መምህሩ ካርዴን ካነበብኩት ሦስት ወር ሆኖኛል፣ ሐኪሞቹ አጠገቤ ቆመው በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ያልገባኝ መስሏችሁ ነው እንዴ አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት የወረቀት ሆነ። ሐኪሙ ደብዳቤውን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ማህተሙ ግን ምሳ ወጥቷል። ማህተም ያዡ ሲመለስ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው፤ ያ ሌላ ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ከፎቅ ፎቅ፣ ከበር በር ሮጠ። ደብዳቤው መጥቶ መምህሩ እንዲፈርም ሲሰጠው ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ አንድ የፊደል ግድፈት አርሞ ፈረመበት። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ካለ አቀብሉኝ አለ። ነርሷን ማበጠሪያ ጠየቃት። ልብስ ሰፊው ሲወጣ ሽማግሌው የራሳቸውን ወንበር እየጎተቱ ወደ አልጋ አራት ያስጠጉ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ቆሞ እንዳይውል።

ማረሚያ ቤቱ የከሰዓት ጥየቃ ሊዘጋ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። የቢሮው ኃላፊ ደብዳቤውን አንብቦ ልብስ ሰፊውን ቀና ብሎ አየው። ያመናጭቀኛል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ ሰውየው ግን ወንበር ስጡት አለ፤ ከፈረመ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና አለ፣ ሁለት ጠባቂ አብሮ ይሄዳል፣ አርባ ደቂቃ ይቀመጣል፣ ይመለሳል አለው። የቀረው የታራሚው ፊርማ ብቻ ነው። ቅጹን አንድ ጠባቂ ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፤ ልብስ ሰፊውም ወደ መጠየቂያው ሄደ።

መጠየቂያው ሁለት የሽቦ አጥር ነው፤ መሃሉ አንድ ተኩል ሜትር ባዶ መሬት። በዚህ በኩል ሃያ ሰው፣ በዚያ በኩል ሃያ ሰው ቆሞ ይጮሃል፤ ሚስጥር የሚባል ነገር እዚህ አይወራም፣ ከተወራም ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ሾፌሩ ከሰዎቹ ኋላ መጥቶ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። አንገቱ ቀጥኗል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶበታል፤ ልብስ ሰፊው በልማድ ሁለት ጣት ያህል መጥበብ አለበት ብሎ አሰበ። ሾፌሩ ሰላምታ አላስቀደመም።

«ማነው የታመመው?»

ማን ነገረህ አለው ልብስ ሰፊው።

«ጋሼ፣ ያንን ድንች አውቀዋለሁ። አባታችን የሞተው እሱን እየበላ ነው። እትዬ ናት? አንተ ነህ?»

ትንሹ ነው አለ ልብስ ሰፊው፤ ጫጫታው ዋጠውና ደግሞ ጮኾ ተናገረው። ኩላሊቱን ነው። አንተ ከገባህበት ወር ጀምሮ ነው። ነገ ጠዋት ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ነገር አንገትን አቅፎ በጆሮ የሚነገር እንጂ እንደ ሎተሪ ሻጭ እየጮኹ የሚናገሩት አይደለም፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። ሾፌሩ ሰማ።  ስልጠናው ውሸት ነበራ አለ፤ አዎ አለው ልብስ ሰፊው። ሾፌሩ ግንባሩን ሽቦው ላይ አስደገፈ። ለክፍሉ ሰው ሁሉ፣ ወንድሜ አፍሮብኝ ነው የማይመጣው ብሎ ነው ያወራው፤ አብረውት የሚተኙት ሦስቱ ሰዎች መምህሩን በዓይናቸው ሳያዩት ይጠሉታል፤ ዛሬም ድንቹን እየበሉ አንዱ፣ ምነው ጨውም ተከለከለ እንዴ ሲል፣ እሱ ከአፉ ማውረድ አቅቶት ቁጭ ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣ ለልብስ ሰፊው ይቀልለው ነበር። አምስት ወር ሙሉ የምጠላው ወንድም ሰጣችሁኝ አለው ብቻ፤ ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ።

ያኔ ጠባቂው ቅጹንና እስክሪብቶውን ይዞ ከሾፌሩ ጎን ደረሰ። ልብስ ሰፊው ነፍስ ዘራ። እየተቻኮለ አስረዳው፤ መኪናው ቆሟል፣ ፈቅደዋል፣ እዚህ ጋ መፈረም ብቻ ነው፣ አርባ ደቂቃ ትቀመጣለህ፣ አሁን ሄጄ እቀድምሃለሁ። ሾፌሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ለሕይወት አስጊ የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ። እስክሪብቶውን ተቀበለ። በታጠፈ የእጁ አንጓ ግንባሩን ጠረገ፤ ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሶ ገጠመና እሱንም ወረቀቱንም ለጠባቂው ሰጠው።

«አልሄድም» አለ።

ልብስ ሰፊው ጫጫታው ነው ብሎ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ሾፌሩ አልሄድም ብሎ ደገመው። ልብስ ሰፊው ለመነው። ሸሚዝ ቀይሮ ነው የሚጠብቅህ አለው፣ ፀጉሩን አበጥሮ፤ ወንበር ተዘጋጅቶልሃል። መታሰርህን ሲሰማ፣ እንኳን አለ፣ ሳቀ እኮ፤ አልረሳኝም ብሎ ሳቀ። ይህን ሲሰማ የሾፌሩ ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ልብስ ሰፊው ሌላ የቀረው ነገር ስላልነበር ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ፤ ግማሽ በግማሽ ነው አለ፣ ሐኪሙ ግማሽ በግማሽ ነው ብሎኛል። ከጎኑ ስለ ቤት ኪራይ ስትጮህ የነበረችው ሴት ዝም አለች። ከዚያ በኩልም ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየ።

«ሰምቻለሁ» አለ ሾፌሩ። «እንዲህ በለው። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ይቀረኛል። የዚያን ቀን እዚህ በር ላይ ቆሞ የሚቀበለኝ እሱ ነው። ሌላ ሰው አልፈልግም፤ አንተም እንዳትመጣ፣ እትዬም እንዳትመጣ። እሱ ብቻ።»

«ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚገባው። ነገ።»

«ነገ ነው። ገብቶኛል። ያልኩህን በለው።»

ፊሽካ ተነፋ። በዚያ በኩል ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ከሽቦው እየተላቀቁ መሰለፍ ጀመሩ። ጠባቂው ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ውጭ ግቢው ውስጥ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነበርና ጭሱ እስከ መጠየቂያው ይሸታል። ልብስ ሰፊው ሽቦውን ይዞ፣ ሃያ ሰው እየሰማው፣ ተጣራ። ለምን እንደቀረህ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው? ዓይኑ በሩ ላይ ነው ያለው። ለሱ ባትል ለኔ እንኳ ንገረኝ፤ ለምንድን ነው?

ሾፌሩ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር። አንገቱን ብቻ አዞረ።

«አልናገርም» አለ።